ስንት ዋት?

ሞላሌ ላይ በገና ልቀዳ በወጣሁ ቁጥር የድምፅ ሥራ የጀመሩ ልጆች «ጋሼ፣ ስንት ዋት ልግዛ?» ይሉኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም የጠየቀኝ ልጅ እህቱ ከውጭ የላከችለትን ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ሄድፎን ይዟል። ስልኩ ላይ ሲሰካው ድምፁ አነሰበትና የሰርግ ድንኳን የሚያናውጥ ዓይነት አምፕሊፋየር አምሮታል።

ሄድፎኑ ባለ 300 ኦም ኢምፒዳንስ ነው፤ በ1 ሚሊዋት ወደ 97 ዴሲቤል ያወጣል። ጆሮን ወደሚጎዳው 110 ዴሲቤል ለመድረስ እንኳ 20 ሚሊዋት ይበቃዋል፤ የአንድ ዋት አንድ ሃምሳኛ ማለት ነው። ያነሰው ቮልቱ ነው፦ ለዚያ ወደ 2.5 ቮልት ያስፈልጋል፤ ብዙ የስልክ መውጫ ግን 1 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል። ሃይፊማን ኤችኢ-6 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ 50 ኦም ሆኖ በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ብቻ ስለሚያወጣ ለዚያው ድምፅ ግማሽ ዋት ገደማ ይበላል። ሄድፎኑ ሳይታወቅ ዋት መጠየቅ ከንቱ ነው።

እኔ ከኃይሉ ይልቅ የማጣራው የአምፕሊፋየሩን የመውጫ ኢምፒዳንስ ነው። የኤችዲ 600 ኢምፒዳንስ ቤዙ ላይ፣ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ከ500 ኦም በላይ ይወጣል። መውጫቸው 100 ኦም ከሚደርስ አንዳንድ ባለቫልቭ አምፕሊፋየሮች ጋር ሲገናኝ ቤዙ ወደ 1 ዴሲቤል ያብጣል። ለመዝናናት ደስ ይላል፣ አልክድም። በገና ሚክስ ለሚያደርግ ሰው ግን ወጥመድ ነው። ወፍራሞቹ አውታሮች የሞሉ ስለሚመስሉት ቤዙን ይቀንሳል፤ ቅጂው ሌላ ቤት ሲከፈት በገናው ሳስቶ ይገኛል። ደግሞ የበገና መለያው እንዚራው ነው፤ በድልድዩና በአውታሩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ የሚያስነሳው እዝዝታ ከቤዙ ብዙ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል። ያበጠ ቤዝ ይህን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለሥራ መውጫው ከሄድፎኑ ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ የማይበልጠውን እመርጣለሁ፤ ዛሬ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥም 1 ኦም የማይሞላ አለ።

ሌላው ጣጣ መብራቱ ነው። የመስመሩ 50 ኸርዝና እጥፉ 100 የበገናው ዝቅተኛ ድምፆች ሰፈር ናቸው። ግራውንዱ ካልተስተካከለ ጉምጉምታው ከአውታሩ ጋር ይደባለቅና ከበገናው የመጣ ይመስላል። እኔ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅዬ በባትሪ አዳምጣለሁ፤ ጉምጉምታው ከጠፋ ጥፋቱ የመስመሩ ነበር፣ ካልጠፋ ቅጂው ውስጥ ገብቷል። አምፕሊፋየሩ በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ይህ ለሞላሌ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጁን ትንሿን አምፕሊፋየር ግዛና የተረፈውን ብር ማይክ ላይ አውለው አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ ጋሼ… ትልቁ ግን ያምራል» አለኝ። ማማሩንስ ያምራል።