ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት ቀኖች

ወሩ መስከረም ነው። መስቀልን ከቤተሰቡ ጋር አክብሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሕዝብ የወልቂጤን መናኸሪያ አጨናንቆታል። ወደ ጉብሬ የሚጭነው ሚኒባስ እስኪሞላ መስኮት ዳር የተቀመጠች አንዲት ድርስ ነፍሰ ጡር የክትትል ካርዷን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አጠገቧ ላሉት እናት ዘረጋችላቸው። የመውለጃ ቀን በሚለው መስመር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጥቅምት 6» ተጽፏል። በካርዱ መሐል የታጠፈው የአልትራሳውንድ ወረቀት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሌላ ቀን አትሟል፤ አንድ ባለሙያ ጠርዙ ላይ ወደ አበሻው መልሶ «ጥቅምት 26» ብሎታል።

«እማማ፣ የቱን ልያዝ?»

«እኔ ሰባት ስወልድ አንዱንም በወረቀት አልጠበቅኩም፤ ምጥ ሲመጣ መጣ ነው» አሏት። ካርዱን ግን ቶሎ አልመለሱላትም፤ ማንበብ ባይችሉም አገላብጠው አዩት። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ሲጀምር ወሬው ተቋረጠ።

በሁለቱ ቀኖች መሐል 20 ቀን አለ። ቤቷ ከአስፋልት ርቆ በእግር ለሚገባባት ሴት 20 ቀን ብዙ ነገር ይወስናል፤ ልጆቹን ለማን ትታ መቼ እንደምትወጣ፣ ባሏ ከአዲስ አበባ መቼ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ አምቡላንስ መቼ እንደሚነገረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑ ሲያልፍ «ትንሽ እንጠብቅ» ወይስ «አሁኑኑ ምጡ ይጀመር» የሚለው ውሳኔ የሚቆመው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው።

ጥቅምት 6 ከየት እንደመጣ ካርዱ ራሱ ይናገራል። የመጨረሻው የወር አበባ «ጥር 1» ተብሎ ተመዝግቧል። በጉራጌ ዞን ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት የሠሩ አንዲት አዋላጅ ነርስ እንዲህ ዓይነቱን «1» ሲያዩ ይጠራጠራሉ። «እናቲቱ ያለችው ‹ጥር መባቻ ላይ መሰለኝ› ነው። እኛ ‹መባቻ› ብለን አንጽፍም፤ ቅጹ ቁጥር ይፈልጋል። 1 ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ያቺን 1 ሁሉም ሰው እንደ እውነት ይይዛታል» ይላሉ። በዚያው በጉራጌ ምድር፣ ቡታጅራ ላይ፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የገጠር ጤና ፕሮግራም መረጃ ሰብሳቢዎችን ቤት ለቤት እያዞረ ልደትና ሞትን በትዝታ ሳይሆን በወቅቱ ሲመዘግብ ኖሯል። ቀን ሲቆይ በሰው ትዝታ ውስጥ ወደ ወር መባቻ፣ ወደ በዓል፣ ወደ ዝናብ መግቢያ ይጠጋል።

ስሌቱ አሮጌ ነው። በመላው ዓለም የሚሠራበት የ280 ቀን ደንብ የሚጠራው በ1778 እ.ኤ.አ. በተወለዱት የሃይደልበርግ የማዋለድ ሐኪም በፍራንዝ ካርል ኔጌለ ስም ሲሆን፣ ሐሳቡን እሳቸውም ያገኙት ከሆላንዳዊው ሐኪም ከኸርማን ቡርሃቨ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ሰባት ቀን መጨመር ነው። ወራቱ 28፣ 30 እና 31 ቀን ስለሆኑ ውጤቱ አንድ ሁለት ቀን ይዋዥቃል። በእኛ ካላንደር ግን ሥራው የጠራ ነው፤ ሁሉም ወር 30 ስለሆነ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፣ አሥር ሲጨመር 280። የምታስቸግረው ጳጉሜን ናት። እርግዝናው ጳጉሜንን ከተሻገረ አሥሩ ወደ አምስት ይወርዳል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ወደ አራት። ጥር 1 ላይ ዘጠኝ ወር ሲጨመር ጥቅምት 1፣ አምስት ሲጨመር ጥቅምት 6። ጳጉሜንን የረሳ ሰው ጥቅምት 11 ብሎ ይጽፋል፤ አምስት ቀን በብዕር ብቻ ተጨመረ ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ታከብራለች፤ በመሐሉ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ 275 ቀን አለ። ከስድስት ቀን ጳጉሜን ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው ያ ቁጥር እንዳይዛባ ነው። አንድን እርግዝና በቀን ልክ ለመጠበቅ በዓልን የሚያንቀሳቅስ አቆጣጠር ያላት አገር የነፍሰ ጡሮቿን ቀን ለመቁጠር ምንም የሚጎድላት እውቀት የለም። ሐኪሞች ከጽንሰት የሚቆጥሩት 266 ቀን ነው፤ በሁለቱ መሐል ያለው ዘጠኝ ቀን ደግሞ በጤነኛ እርግዝናዎች ዘንድ ከሚታየው ልዩነት አይወጣም።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሴቶችን ሽንት በየቀኑ እየመረመረ እንቁላል የወጣበትን ቀን ለይቶ ካወቀ በኋላ 125 እርግዝናዎችን እስከ ልደት ተከተለ። ከእንቁላል መውጣት እስከ ልደት ያለው መካከለኛ ርዝመት 268 ቀን ሆነ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ተቀንሰው እንኳ በአጭሩና በረጅሙ እርግዝና መሐል 37 ቀን ተገኘ። የተጸነሰበት ቀን በእርግጠኝነት ታውቆ ልዩነቱ ይህን ካከለ፣ «መባቻ ላይ መሰለኝ» ተብሎ የተቆጠረው ምን ሊሆን ነው? በተጻፈላቸው ዕለት የሚወለዱት ሕፃናት ከ100 አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው። ካርዱ ላይ ያለው ቀን የሰፊ ጊዜ መካከለኛ ነጥብ እንደሆነ ለእናቲቱ የሚነግራት ግን ጥቂት ነው።

ወደ አልትራሳውንዱ እንመለስ። ብዙ ሰው መሣሪያው የልጁን ዕድሜ የሚያይ ይመስለዋል። የሚያየው ልክን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሶች ሁሉ ተቀራርበው ስለሚያድጉ ከራስ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት ዕድሜን በአምስትና በሰባት ቀን ልዩነት ይናገራል። እየቆየ ሲሄድ አንዱ ልጅ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። የአሜሪካ የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ከ28 ሳምንት በኋላ የተነሳ አልትራሳውንድ በወር አበባ የተቆጠረውን ቀን እንዲያስለውጥ የሚፈቅደው ልዩነቱ ከ21 ቀን ሲበልጥ ብቻ ነው።

የሚኒባሷ ወጣት ወረቀት የተነሳው መስከረም 10 ነው። በካርዷ ሒሳብ ያን ዕለት 36 ሳምንት ከ2 ቀን ነበረች፤ መሣሪያው 33 ሳምንት ከ3 ቀን ብሏታል። ልዩነቱ 20 ቀን ስለሆነ የሚጸናው የመጀመሪያው ቀን ነው። እርግጥ «ጥር 1» የሚታመን ከሆነ።

ወደ ፊት የተገፋ ቀን አደጋው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የልጁን ራስ፣ ሆድና የጭን አጥንት ለክቶ «ይህን የሚያህል ልጅ በአማካይ ስንት ሳምንቱ ነው?» ብሎ ከሠንጠረዥ ያነባል። ብዙ መሣሪያዎች ውስጥ የተጫነው ሠንጠረዥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ሂውስተን በተለኩ ሴቶች ላይ የቆመ ነው። ልጁ ከእንግዴ ልጁ የሚበቃውን ምግብ አጥቶ ከቀጨጨ መሣሪያው «ገና ነው» ይላል። መድከም የጀመረው ልጅ፣ ቶሎ መውለድ ያለበት ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ይሰጠዋል።

አዋላጇ ይህን በራሳቸው ቋንቋ ያስረዳሉ። «ዘግይቶ የተነሳ አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ይነግረኛል፤ ልጁ በእግሩ ነው ወይስ በራሱ፣ መንታ ነው ወይ፣ እንግዴ ልጁ መንገድ ዘግቷል ወይ፣ የሽርት ውኃው በቂ ነው ወይ። ቀን ግን አይነግረኝም። እናቶቹ ደግሞ ስምንት ወር ሞልቷቸው መጥተው ‹ሲስተር፣ ቀኑን በማሽን እይልኝ› ነው የሚሉኝ።»

ለምን ዘግይተው ይመጣሉ? በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 74 በመቶ እናቶች ከሠለጠነ ባለሙያ ክትትል አግኝተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲነሳ ከመከረበት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ በገጠሩ አብዛኛዋ እናት ግን ሆዷ ሳይገፋ ጤና ጣቢያ አትሄድም። ሳይገለጥ ማውራት ያስፈራል፤ መንገዱም ገንዘብ ነው።

የወር አበባ ቆጠራውም በራሱ ተሸርሽሯል። በዚያው ጥናት መሠረት ካገቡት ሴቶች 27 በመቶው የሦስት ወሩን መርፌ ይጠቀማሉ። መርፌው የወር አበባን ሊያጠፋ ይችላል፤ ከቆመም በኋላ ለወራት ላይመለስ ይችላል፤ አንዳንዷ ደሙን ሳታይ ታረግዛለች። ጡት ማጥባትም እንደዚያው ነው። «‹መቼ አየሽ?› ስላት ‹መርፌውን ካቆምኩ ጭራሽ አላየሁም› ትለኛለች። የቀደመውንም ልጅ እያጠባች ነው። ምኑን ልቁጠር?» ይላሉ አዋላጇ።

አዋላጇ ያገኙት ብልሃት የጉራጌን ኑሮ የሚያውቅ ብቻ የሚያገኘው ነው። ብዙ ወንዶች ለሥራ አዲስ አበባና ሌላ ከተማ ይኖራሉ፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ይገባል። «‹ባልሽ መቼ መጣ?› ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ታፍራለች። መጋረጃውን ስዘጋ፣ ሴት ለሴት ስንሆን ትነግረኛለች። ለመስቀል መጥቶ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ ካለችኝ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ማሽኑም እንዲህ አይነግረኝ።» መስከረም 17 የተጸነሰ ልጅ 266 ቀን ሲቆጠርለት ሰኔ 13 ላይ ይደርሳል፤ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ መጨቅየት ሲጀምር። የአረፋው ከዓመት ዓመት ስለሚዞር የዚያን ዓመት ቀን መፈለግ ግድ ይላል። «ባልሽ መቼ መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ግን የለም።

ቀን ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳየው የአገሪቱ ታላቅ ምሳሌ ከጉብሬ ሩቅ አይደለም። የሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ እህቶች በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል፣ የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው ከመስፋፋቱ አሥርት ዓመታት አስቀድሞ፣ አደጋ የሚያሰጋቸውን ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ በግቢው ማሳረፍ ጀመረ። እናቶቹ ስንቃቸውንና አንድ ዘመድ ይዘው መጥተው በቅርብ እየታዩ ምጣቸውን ይጠብቃሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው የሆስፒታሉ የ22 ዓመት መዝገብ 24,148 ወላጆችን ይዟል፤ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። በማቆያው ካለፉት የሞቱት እናቶች በ100,000 ልደት ሲሰላ 90 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት 1,333 ነበሩ። ሞቶ የተወለደው ሕፃን ከ1,000 በአንዱ ወገን 18 ገደማ፣ በሌላው 191። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አይባልም። ሴትን ምጥ ሳይጀምራት ከሆስፒታል ደጅ ማድረስ ግን ምን እንደሚያተርፍ ቁጥሩ በቂ ነው።

ማቆያው የሚሠራውም ቀኑ ሲታወቅ ነው። አስቀድማ የገባች ሴት አራት አምስት ሳምንት ትቀመጣለች፤ ስንቋ ያልቃል፣ እንሰቱ ይጠብቃታል፣ ቤት የቀሩት ልጆች ያሳስቧታል፣ «አልደረሰም» ብላ ትመለሳለች፤ ምጡም እቤቷ ይይዛታል። ዘግይታ የታቀደላት ከነጭራሹ አትደርስም። «አንዷ ሁለት ጊዜ ተመልሳብኛለች» ይላሉ አዋላጇ። «በሦስተኛው ባሏ ‹ሴትዮዋ ትዋሻለች› አለኝ። የዋሸነው እኛ ነን፤ ቀኑን የጻፍነው እኛ!»

ስንት ጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ እንዳላቸው፣ ሁለት ቀን ሲጋጭ የቱ እንዲጸና ለባለሙያው የተሰጠ የጽሑፍ መመሪያ እንዳለ በጤና አስተዳደር ውስጥ ያሉ አንድ ኃላፊ ተጠይቀው ነበር። «በደብዳቤ አምጡ» አሉ። ደብዳቤው ገባ። ስልኩ ሲደወል መጀመሪያ ስብሰባ፣ ቀጥሎ መስክ፣ ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ጽሑፉ እስከተጠናቀቀበት ሰዓት መልስ የለም።

ቀኑ ካለፈስ? የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት መሙላቷ «በእርግጠኝነት» ለታወቀ እናት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል። በስዊድን 2,760 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሳይጠናቀቅ ቆሟል፤ እስከ 42 ሳምንት እንዲጠብቁ በተደረጉት ዘንድ ስድስት ሕፃናት ሲሞቱ 41 ላይ ምጥ በተጀመረላቸው ዘንድ አንድም አልሞተም። ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ 41 ሞላት ተብላ ምጥ የተጀመረላት ሴት በእውነት 37 ላይ ከነበረች፣ በተለይ በኦፕራሲዮን ከሆነ፣ ሳንባው ያልጠነከረ ልጅ ልትታቀፍ ትችላለች። «በእርግጠኝነት» የሚለው ቃል የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ በገጠር የጎደለውም እሱ ነው።

መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የሚቻል ነገር አለ። ቀኑ ከምን እንደተገኘ፣ ከወር አበባ ይሁን ከጽንሰት ትዝታ ወይም በስንተኛው ሳምንት ከተነሳ አልትራሳውንድ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ዘግይቶ የመጣው ወረቀት የቀደመውን እንዳይሽር ባለሙያው ሁሉ ይወቅ። አዋላጇ ይህን በእርሳስ ጀምረውታል፤ ጥቅምት 6 በተጻፈበት ካርድ ላይ ከቀኑ ሥር «ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 20» ብለው ይጨምራሉ፤ 38 ሳምንትና 42 ሳምንት መሆኑ ነው። «መስከረም 22 ማቆያ ግቢ እላታለሁ። ጥቅምት 13 ምጥ ካልመጣ፣ ማሽኑ 26 ቢልም ባይልም፣ ሆስፒታል እልካታለሁ፤ እዚያ የልጁን የልብ ምትና የሽርት ውኃውን አይተው ይወስኑ።»