በአሮጌ የትራክተር ሞተር ላይ የሚዘነጉ የቅባት ቦታዎች

የእርሻ መሣሪያና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች በሚገባ እንደሚያውቁት፤ በደንብ የተያዘ ትራክተር ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር የሚፎካከር ዕቃ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 እስከ 1956 በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠራው ፈርጉሰን ቲ.ኢ. 20 ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነበር። በዳገናም የተሠራው የናፍጣ ፎርድሰን ሜጀር፤ እንዲሁም በ1964 የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135 ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ማሳ ላይ ይገኛሉ። በአገራችንም በ1960ዎቹ በጭላሎና በሰቲት ሑመራ የትራክተር እርሻ በተስፋፋበት ዘመን የነበሩት ሞተሮች ከዚሁ ትውልድ ናቸው።

የእነዚህ ሞተሮች ባለቤት በየጠዋቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ይመለከታል፤ ዘይቱ ልክ ከሆነም ሞተሩ በሙሉ የጠገበ ይመስለዋል። ነገር ግን የሞተሩ ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ የሚደርሰው በውስጥ ላሉት ክፍሎች ብቻ ነው። ከዚህ መንገድ ውጭ የሆኑና በእጅ ካልተቀቡ ዘይት የማያገኙ ክፍሎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሹትም እነዚሁ ናቸው።

አንደኛው ዲናሞ ነው። የዘመኑ ዲናሞ በኋላ ጫፉ በኩል የነሐስ ቀለበት ሲኖረው፤ በላዩም ትንሽ የዘይት ቀዳዳ አለ። የሞተር ዘይት በተለወጠ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃዋል። ቀለበቱ ደርቆ ከተበላ የሚሽከረከረው ክፍል ከዙሪያው ብረት ጋር እየተፋጨ ዲናሞው ይቃጠላል። በሌላ በኩል ዘይት ከመጠን በላይ ቢጨመርበት ወደ ካርቦኖቹ ፈስሶ ኤሌክትሪክ መስጠቱን ያቋርጣል።

ሁለተኛው በቤንዚን በሚሠሩት ላይ ያለው ዲስትሪቡተር ነው። ክዳኑና በውስጡ የምትዞረው ቁራጭ ከተነሡ በኋላ፤ በዘንጉ ራስ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይደረጋል፤ ፑንቲናውን የሚገፋው ጉብታም በስሱ ግራሶ ይቀባል። ፑንቲናውን ራሱን ግን ቅባት እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የናፍጣ መርጫው ፓምፕ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱን ዓይነት መለየት ይገባል። በፎርድሰን ሜጀር ላይ ያለው የሲምስ ፓምፕ በሆዱ ውስጥ የራሱ ዘይት አለው። ናፍጣ ከላይ እየተንጠባጠበ ወደዚህ ዘይት ስለሚገባ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ልኩም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሞልቶ መታየቱ የጤና ምልክት አይደለምና ከሞተሩ ዘይት ጋር አብሮ መለወጥ አለበት። በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ የሚገኘው የሲ.ኤ.ቪ. ፓምፕ ግን የተለየ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በሚያስተላልፈው ናፍጣ ነው። በናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል ሰው ጥቂት ገንዘብ ያተረፈ መስሎት ውድ የሆነውን ፓምፕ ቅባቱን ይነሣዋል። ውሃ የገባበት ናፍጣም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

አራተኛው የውሃ ፓምፕ ነው። የግራሶ ማስገቢያ ያለው ከሆነ በልክ ይሰጠዋል። ግራሶው በኃይል ከተገፋበት ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ያበላሻል። ማስገቢያ የሌለው ግን ኩሽኔታው የታሸገ ስለሆነ ምንም አይጨመርበትም።

አምስተኛው በዘይት የሚሠራው የአየር ማጣሪያ ነው። በሥሩ ያለው ሳህን ዘይት የሚይዘው አቧራውን ለማስቀረት ነው። አቧራ በበዛበት ማሳ በየቀኑ መታየት፤ ጭቃ የሠራ እንደሆነም ታጥቦ በአዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት ይኖርበታል። ከምልክቱ ማለፍ ግን ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እንዲያቃጥል ያደርጋል።

በመጨረሻም ለወራት ቆሞ የነበረ የናፍጣ ሞተር ወዲያው አይነሣም። ናፍጣው ተዘግቶ፤ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነቃነቅ ድረስ በማስነሻው በአጭር በአጭሩ እያሳረፉ ማዞር ይበጃል። ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ተከፍቶ ሲታይ ዘይት ወደ ቫልቭ መግፊያዎቹ ካልደረሰ፤ ቀጭኑ መተላለፊያ ተደፍኗል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የባለ ጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቆየ ሞዴል መለዋወጫ በቶሎ አይገኝም፤ ቢገኝም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። እቃው እስኪደርስ ድረስም የዘር ጊዜ ገበሬውን አይጠብቀውም። ስለዚህ አስመጪው ከመለዋወጫው ጋር የፋብሪካውን የቅባት ሠንጠረዥ ጠይቆ በአማርኛ ቢያዘጋጅ፤ ባለ ሱቁም ቀጭን ዘይትና የግራሶ ማስገቢያ ኒፕል ከመደርደሪያው ባያጓድል፤ ዲናሞ ወይም ፓምፕ የሚገዛውን ደንበኛም «አሮጌው በምን ምክንያት ተበላሸ?» ብሎ ቢጠይቅ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ በዋጋዋ ከቁም ነገር የማትቆጠር የዘይት ጠብታ በጊዜዋ ከደረሰች የአንድ ዓመት አዝመራ ታድናለች። ምክሩ የጠቀመው ደንበኛም በሌላ ጊዜ ወደዚያው ሱቅ መመለሱ የታወቀ ነው።