የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በስንት ጊዜ ይለወጣል?

በሐዋሳ ከተማ ጠዋት በሁለት ሰዓት ገደማ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተሰልፈው ከምታዩአቸው ፒክአፕ መኪናዎች መካከል፣ የፍሪሲዮን መርገጫ የሌላቸው፣ ማርሻቸውን ራሳቸው የሚለውጡ፣ ማለት አውቶማቲክ ካምቢዮ የተገጠመላቸው ይገኛሉ። የሞተሩ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚለወጥ ሾፌሩም፣ የስምሪት ክፍሉም፣ የንብረት ኀላፊውም ያውቃሉ። «የካምቢዮው ዘይትስ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን አንዱ «ዕድሜ ልኩን አይነካም» ይለዋል፤ ሁለተኛው «የነካኸው ዕለት ይበላሻል» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የሜካኒክ እንጂ የጸሓፊ ወይም የሒሳብ ሹም አይደለም ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት እለምናችኋለሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ላይ ዋጋ ተጨምሯል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለችው ፒክአፕ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ካምቢዮዋ የተቃጠለ እንደ ሆነ፣ መለዋወጫው እስኪገዛ ድረስ ከዛፍ ሥር ቆማ ወራት ታሳልፋለች፤ ክትባት ይዛ ወደ ሁላ ትወጣ የነበረችውም፣ የግብርና ባለሙያ ይዛ ወደ ቦርቻ ትወርድ የነበረችውም ያችው መኪና ናት። የጥገናውን ማዘዣ የሚፈርመው፣ በጀቱን የሚይዘው፣ ፕሮፎርማውን የሚያሰባስበው እናንተው ናችሁና ነገሩን ማወቅ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ይህ ዘይት ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ጥርሶቹ እንዳይፋጩ ከማለስለስ በቀር ብዙ ሥራ የለበትም። በአውቶማቲኩ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። ሁለት የጠረጴዛ ቬንቲላተሮችን ፊት ለፊት አቁማችሁ አንዱን ብቻ በኤሌክትሪክ ብታስነሡት፣ ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ ሁለተኛውን ማሽከርከር ይጀምራል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ዕቃ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው፤ በነፋሱ ፈንታ ግን ኀይሉን የሚያሻግረው ዘይት ነው። ፍሬን ይዛችሁ በመብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ የማይጠፋውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ ቬንቲላተር ሲዞር ሌላው በእጅ ቢያዝ የሚደርስ ጉዳት የለምና። በጉዞ ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱ ክፍሎች በፍሪሲዮን ተያይዘው እንደ አንድ ይዞራሉ።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ፓምፑ በግፊት የሚልከው ይኸው ዘይት በቫልቮች መካከል እየተመላለሰ የፍሪሲዮኑን ዲስኮች ይጨምቃል፤ ማርሽ የሚለወጠውም በዚህ ግፊት ነው። ዲስኮቹ ሳይንሸራተቱ እንዲያያዙ፣ ሲያያዙም እንዳይነጥሩ የሚያደርገው በዘይቱ ውስጥ የተቀመመው ቅመም ነው። በመጨረሻም ዘይቱ ሙቀቱን ተሸክሞ በራዲያተሩ በኩል አቀዝቅዞት ይመለሳል። እንግዲህ አንድ ፈሳሽ ኀይል አሻጋሪ፣ ማርሽ ለዋጭ፣ አለስላሽና አቀዝቃዥ ሆኖ አራት ሥራ ደርቦ ሲሠራ፣ ፈጽሞ አያረጅም ማለት እንዴት ይቻላል?

በነገራችን ላይ፣ ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለኦልድስሞቢል መኪና ያወጣው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1939 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየውን ዘይት «ዓይነት ሀ» በማለት ደንብ ያወጣለት በ1949 ነበር። በዚያን ዘመን ከቅመሙ አንዱ ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ ነባሪ እንዳይጠፋ ስትል ንግዱን ስትከለክል፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ሌላ ቅመም ለመፈለግ ተገደዱ። በአንድ የካምቢዮ ዘይትና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የቀለም ሳይሆን የቅመም መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዘይቱ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ሜካኒኮች ለረዥም ዘመን ሲሠሩበት የኖሩት የግምት ደንብ እንዲህ ይላል፤ ዘይቱ በ80 ዲግሪ ሙቀት ቢሠራ 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል፤ ሙቀቱ በ10 ወይም በ11 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዲግሪ 80,000፣ በ100 ዲግሪ 40,000 ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ የሚቀመሙት ዘይቶች ከዚህ የበለጠ ይታገሣሉ፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ፋብሪካዎቹ የሚሉት አንድ ዓይነት አይደለም። ፎርድ ኤፍ 150 ለተባለው ፒክአፑ በመደበኛ አነዳድ 240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲፈቅድ፣ በከባድ ሁኔታ ለሚነዳው ግን ወደ 48,000 ያወርደዋል። ቶዮታ በአሜሪካ ለሚሸጣቸው ፒክአፖቹ ባወጣው የጥገና መምሪያ፣ ከባድ ጭነት የሚጭነው ወይም ተጎታች የሚስበው በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲለውጥ ያዛል። ለብዙ ፋብሪካዎች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ሴት ኤፍ ኩባንያ ደግሞ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በስምንት ዓመት እንዲለወጥ ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ሰው ለውጡ ሲል፣ መኪናውን የሚሸጠው «ዕድሜ ልክ» ቢል የማንን ቃል እንደምንሰማ ግልጽ ይመስለኛል። «ዕድሜ ልክ» የሚለውም ቃል የማን ዕድሜ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይገለጥም፤ የዋስትናው ዘመን ከሆነ፣ እርሱ ካለፈ በኋላ መኪናዪቱ የእኛ ናት።

እንግዲህ መምሪያውን ስትገልጡ «መደበኛ» እና «ከባድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ታገኛላችሁ። ከባድ የሚባለው ምንድን ነው ብላችሁ ብታነብቡ፣ አቧራማ መንገድ፣ ዳገት፣ ሙሉ ጭነት፣ በሙቀት አገር እየቆሙ እየተነሡ መሄድ ይላል። ታዲያ ይህ የእኛ የዘወትር አነዳድ አይደለምን? ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ስምንት ሰውና የጽሕፈት ቤት ዕቃ ጭና ያን ከፍታ የምትወጣ ፒክአፕ ካምቢዮዋ ምን ያህል እንደሚግል መገመት አያዳግትም። በከተማው ውስጥም ቢሆን ከሐይቅ ዳር እስከ መናኸሪያ በባጃጅ መካከል እየተጋፉ መመላለስ ቀላል ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የማያምነውን ልንገራችሁ፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የአዲስ አበባ መንገድ፣ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነና ፍጥነቱም ስለማይቋረጥ፣ ለካምቢዮው ከከተማው የአጭር ጊዜ ምልልስ ይልቅ ይቀልለዋል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። የመኪናችሁ መምሪያ ለከባድ ሁኔታ የሚያዝዘው ካለ እርሱን ያዙ። መምሪያው ከጠፋ ወይም ነገሩን በዝምታ ካለፈው፣ በክልሉ ወረዳዎች ለምትመላለስ ፒክአፕ በ60,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ በአራት ዓመት ለውጡ። ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት የምትጭን ከሆነች 50,000 ይሁን። በአብዛኛው በአስፋልት ሜዳ ላይ የምትሄድ የግል መኪና ከሆነች 80,000 ድረስ ብትቆዩ አልነቅፋችሁም። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የመሥሪያ ቤት መኪና በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይደርሳታል ማለት ነውና፣ ሐምሌ ሲብት በጀት ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል።

አሁን «የነካኸው ዕለት ይበላሻል» ለሚሉት እንመልስ። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። 200,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ሳይለወጥ የሄደች መኪና ማርሽ ሲለወጥ መንሸራተት ስትጀምር ወደ ጋራዥ ትወሰዳለች፤ ዘይቱ ይለወጣል፤ በሳምንቱ ካምቢዮው ይቆማል። ሰውም አዲሱን ዘይት ይከስሳል። ነገር ግን ዲስኮቹ ተበልተው ያለቁት ዘይቱ ከመለወጡ በፊት ነው፤ ተንሸራትቶ ያለቀ ዲስክ በአዲስ ዘይት አይድንም። ስለዚህ ከመንሸራተት የደረሰ ካምቢዮ ባለሙያ ይመልከተው እንጂ የዘይት ለውጥ ያድነዋል ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶ ነገር ግን በደኅና የሚሠራው ግን ሊለወጥለት ይገባል፤ አለዋወጡም በማሽን በኀይል በማጠብ ሳይሆን፣ ጥቂት በጥቂት በማፍሰስና በመሙላት ይሁን።

ማፍሰስና መሙላት ሲባል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የሞተር ዘይት ቡሎኑ ሲፈታ ከሞላ ጐደል ሁሉም ይወጣል፤ የካምቢዮው ግን በቶርክ ኮንቨርተሩና በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር፣ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ብቻ ነው የሚወጣው። ካምቢዮው 10 ሊትር የሚይዝ ቢሆንና 4 ሊትር ቢወጣ፣ በመጀመሪያው ለውጥ 6 ሊትር አሮጌ ይቀራል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ብትደግሙት አሮጌው ወደ 3.6 ይወርዳል፤ በሦስተኛው ከ2 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ጋራዡ «ለወጥሁ» ሲላችሁ ስንት ሊትር እንደ ለወጠ ጠይቁ። ኮፓው በሚወርድበት ጊዜ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ አብረው ይለወጡ፤ በኮፓው ውስጥ ያለው ማግኔትም ይታይ። በላዩ ላይ ግራጫ የሆነ ደቃቅ ጭቃ ቢገኝ ልማዱ ነው፤ የብረት ስባሪ ቢገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዘይቱን ስለ መምረጥ፤ የካምቢዮ ዘይት በብዛት ቀይ ስለሆነ ቀዩ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ቀለሙ ግን ከሌላው ዘይት ለመለየት የተነከረ ነው እንጂ ስለ ቅመሙ የሚነግረን ነገር የለም። ዴክስሮን ሦስት ለሚባለው የተሠራ ካምቢዮ አለ፤ ቶዮታ ደብልዩ ኤስ ለሚባለው ቀጭን ዘይት የተሠራም አለ። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ማርሹን ያስደነግጠዋል፤ ውሎ አድሮም ዲስኩን ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ደግሞ ለእጅ ካምቢዮ የሚሆነውን ወፍራም ዘይት በአውቶማቲኩ ውስጥ መጨመር ነው። በግዢ መጠየቂያው ላይ «የካምቢዮ ዘይት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ በመምሪያው ላይ ያለውን ስም ፊደል ሳትስቱ ገልብጡት።

መለኪያ ዘንግ ያላት መኪና ከሆነች ዘይቱ የሚለካው በአብዛኛው ሞተሩ እየሠራና ከሞቀ በኋላ፣ በሜዳ ላይ ቆማ፣ ማርሹ በየቦታው አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ቢሆን ደኅና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ጊዜው አልፏል። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት ወንዝ በምትሻገር መኪና ላይ ሊደርስ ይችላልና፣ ቀኑን ሳትጠብቁ ለውጡ። ዘንግ የሌላትን ግን ልምድ ያለው ሜካኒክ በታችኛው ቡሎን በኩል፣ በፋብሪካው በተወሰነው የዘይት ሙቀት ይለካዋል። የጎደለ ዘይት ማርሹን ያንሸራትታል፤ የበዛም አረፋ ይሠራል።

ለሾፌሮች ሦስት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ወደ ዜሮ አትመልሱ፤ ዝቅተኛውን ማርሽ ያዙ። ሁለተኛው፣ ጭቃ ውስጥ ስትገቡ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያፈራረቁ መታገል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዘይቱን ሊያቃጥለው ይችላልና፣ አስቀድማችሁ ድንጋይ አንጥፉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ አውቶማቲክ መኪና ተገፍታ አትነሣም፤ በገመድም አትጎተትም። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ ዘይት አይንቀሳቀስም፤ ጎማው ግን የካምቢዮውን ውስጥ በደረቁ ያዞረዋል። ከአለታ ወንዶ እስከ ሐዋሳ በገመድ ተጎትታ የመጣች ፒክአፕ፣ የተነሣችበት ችግር የባትሪ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ስትደርስ የካምቢዮ ሊሆንባት ይችላል። የመጫኛ መኪና ማስመጣት ውድ ቢመስልም ከዚህ ይረክሳል።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙት እንጂ በግቢው ውስጥ ወይም በቦይ አታፍስሱት። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃን የመሰለ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ዘይት የሚሄድበት ቦታ የለውም። ጀሪካኑ የሊትር ምልክት ያለበት ቢሆን ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ ስንት ሊትር እንደ ወጣ አይታችሁ ያንኑ ያህል ትመልሳላችሁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ስምና የሊትሩን ቍጥር በመኪናዪቱ መዝገብ ላይ ጽፋችሁ ሾፌሩን አስፈርሙት፤ ሾፌር ቢለወጥ መዝገቡ ይኖራልና።