የሐምሌ ሽሮ፦ የምግብ ልገሳ እንዴት ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰሚት ወይም ጎሮ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በበዓል ዋዜማ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደመጣ መገመት አያቅተውም። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ደብተር፣ ሌላው ባዶ ማዳበሪያ ይዟል። ቤቱ ያፈራውን ይሰጣል፦ ዱቄት፣ ዘይት፣ መኮሮኒ፣ የቻለ ደግሞ ዶሮና እንቁላል። የተሰበሰበው በእድር ወይም በወረዳ በኩል ለተቸገሩ ጎረቤቶች ይከፋፈላል፤ አለዚያም እንደ መቄዶንያ ላሉ ማዕከላት ይላካል።

ሒሳቡን እንየው። በአንድ ብሎክ ያሉ 40 አባወራዎች አንዳንድ ኪሎ መኮሮኒ ቢያዋጡ 40 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 100 ግራም ደረቅ መኮሮኒ ይበቃዋልና 400 ሰው ምሳ በላ ማለት ነው። ለአንድ ብሎክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው፣ አያት ያለው መቄዶንያ ግን ከነቅርንጫፎቹ ከ7,000 በላይ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይኖሩበታል። ለእነሱ የአንድ ቀን ምሳ ብቻ ከ17 ብሎክ በላይ መዞር ይጠይቃል። ቁርስና እራት ገና አልተነሡም።

ስለዚህ ምን እንደሚሰበሰብ መምረጥ የግድ ነው። እንጀራ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል፤ የሚሰጠው ለዕለቱ ማዕድ ከሆነ ብቻ ነው፣ ለማቆየት ግን ድርቆሽ ይሻላል። ከእህል ሁሉ የሚታመነው ጤፍ ነው። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬ ውስጥ ነው፤ ትሉም እዚያው ሆኖ እየበላ ያድጋል። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ለትሉ ማደሪያ አይበቃውም፤ ለዚህ ነው ስንዴና በቆሎ ሲነቅዝ ጤፍ በጎተራ ዓመታት የሚቆየው። ሲፈጭ ግን ይህ ጥቅሙ ይቀራል። ወፍጮ ቤት ቅርብ ከሆነ ጥሬውን መቀበል፣ በየጊዜው የሚፈለገውን ያህል ብቻ ማስፈጨት ነው የሚያዋጣው።

እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉ አስቀድሜ ሽሮ እላለሁ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ይታቀባል። ሽሮና ምስር ግን ሁሉም ቤት፣ በሁሉም ቀን ይበላሉ። አንድ ድስት ሽሮ ከቀረበበት ማዕድ ማንም «ለእኔ አይሆንም» ብሎ አይነሣም።

ከባዱ ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ እጅ ሁሉ ይዘረጋል። ሙስሊሙም ከኢድ ሶላት በፊት ዘካተል ፊጥር ያወጣል፤ በቤተሰቡ ልክ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ቁና ያህል፣ በተለምዶ 2.5 ኪሎ እህል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት 15 ኪሎ ይሰጣል ማለት ነው። ልኩም ቀኑም ቀድሞ የታወቀ በመሆኑ ከሁሉም ልገሳ ለአሰባሳቢ የሚመቸው ይህ ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ ግን ደብተሩ ይዘጋል። አረፋ በመሃል ቢገባ እንኳ የሚሰጠው ሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ አይከማችም። አዲሱ እህል የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአምናው እያለቀ ዋጋው ይወጣል፣ ዝናቡም የቀን ሥራውን ያስተጓጉላል። የሰጪው እጅ የሚታጠፈው ልክ ችግሩ በሚበረታበት ጊዜ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከተማ አስተዳደሩ የምግብ ባንክ አቋቁሞ፣ በጎ ፈቃደኞች እህልና ዘይት ሲያሰባስቡ አይተናል። ያኔ ማንም በዓል አልጠበቀም። ይህን ልማድ ለማቆየት አዲስ ነገር መፍጠርም አያስፈልግም፤ እድር አለ። እድር ለቀብር በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ ችግር ሳይመጣ የሚዘጋጅ ማኅበር ነው። በዚያው ደብተር ላይ «ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር 40ው ቤት በወር 20 ኪሎ፣ በዓመት 240 ኪሎ ያወጣል።

የማስቀመጫው ነገር ግን ይታሰብበት። ክረምት የሚበላው የሚጠፋበት፣ ያለውም በእርጥበት የሚበላሽበት ወቅት ነው። የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ያሳልፋል፤ ማዳበሪያው ከሥሩ ርብራብ ይፈልጋል፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል መራቅ አለበት። በየማዳበሪያው ላይ የገባበት ቀን ይጻፍ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ቁልፉን አንድ ሰው፣ ደብተሩን ሌላ ሰው ይያዝ። ለክረምት የሚሆነው እህል ደግሞ በግንቦት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በደንብ ደርቆ ይግባ።