ከሰደድ እሳት ለሸሹ ሰዎች ማደሪያና ስንቅ ስለ ማሰናዳት

የንግድ ሰው ስለ እሳት ሲያስብ አስቀድሞ በዓይኑ የሚታየው መጋዘኑና ሱቁ ነው። ነገር ግን አንድ ከተማ በሙሉ በአንድ ቀን ባዶ እንዲሆን በታዘዘ ጊዜ፣ የሸሸው ሕዝብ ወዴት ይደር፣ ምን ይብላ፣ በምንስ ይጓዝ የሚለው ጥያቄ ከቤቱ መቃጠል ይልቅ የሚያስጨንቅ ይሆናል። ይህም ጥያቄ ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም፤ አልጋው፣ ዱቄቱ፣ ቤንዚኑና ብርድ ልብሱ በነጋዴው እጅ ስለሚገኝ፣ የመልሱም ግማሽ በነጋዴው እጅ ይገኛል።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነን በካናዳ አገር፣ በአልበርታ ጠቅላይ ግዛት፣ በፎርት ማክመሪ ከተማ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) የደረሰው አደጋ ነው። ከተማዪቱ የምትኖረው ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በሚገኝ ነዳጅ ሲሆን፣ ዙሪያዋን ደን ከቧታል፤ ወደ ደቡብ የሚያወጣት አውራ ጎዳናም አንድ ብቻ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን በአቅራቢያዋ የታየው ሰደድ እሳት፣ በሙቀትና በድርቀት በርትቶ፣ በነፋስም ተገፍቶ፣ ሚያዝያ 25 ቀን ከተማ ገባ። ወደ 88,000 የሚሆን ሕዝብም ቤቱን ለቆ ወጣ። 2,400 ያህል ሕንፃዎች ጠፉ። በነበልባሉ የሞተ ሰው ባይኖርም፣ በሽሽቱ ላይ በደረሰ የመኪና ግጭት ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

አስቀድሞ ስለ ማደሪያ እንናገር። ወደ ደቡብ ለመውጣት ያልቻሉ 25,000 ያህል ሰዎች ወደ ሰሜን፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ወደሚያሳድሩባቸው ሰፈሮች ሸሹ። በእነዚህ ሰፈሮች አልጋው ተነጥፎ፣ ወጥ ቤቱ ተደራጅቶ፣ ውሃውና መጸዳጃው ተሰናድቶ ስለ ነበረ፣ እንግዳው በደረሰበት ሰዓት ማረፊያ አገኘ። ኩባንያዎቹም ሥራቸውን ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ፈጽመው አቆሙ፤ በዚህ ምክንያት የአገሪቱ የነዳጅ ምርት በቀን ወደ አንድ ሚሊዮን በርሜል ያህል ጎደለ።

ይሁን እንጂ ለሠራተኛ ተቆጥሮ የተከማቸ ስንቅ፣ የከተማ ሕዝብ ሲጨመርበት ብዙ ቀን አይቆይም። መንገዱም የሚያልፈው በሚቃጠለው ከተማ መካከል ስለ ሆነ፣ ያለቀውን መተካት አስቸጋሪ ነበረ። ስለዚህ ከፊሉ ሕዝብ ከኩባንያዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በአየር ተጓጓዘ፤ ከሚያዝያ 28 ቀን ጀምሮም የቀረው፣ አምሳ አምሳ መኪና እየሆነ፣ ፖሊስ እየመራው በከተማው ውስጥ አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። ከዚህ የምንረዳው፣ ማደሪያ በሚመረጥበት ጊዜ የአልጋው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስንቁ የሚተካበት መንገድም አብሮ መታየት እንደሚገባው ነው።

ሁለተኛው ነገር ነዳጅ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲነሣ ማደያው ወዲያው ይደርቃል። በፎርት ማክመሪም ብዙ መኪናዎች ቤንዚን አልቆባቸው በጎዳናው ዳር ቆመው ስለ ነበረ፣ በፖሊስ የታጀበ የነዳጅ ቦቴ ሊላክላቸው ግድ ሆነ። መኪናው እያለው በአንድ በርሚል ቤንዚን እጦት ቤተሰቡን ይዞ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው፣ ካልታሰበበት በቀር ችግሩ ለማንም አይታይም።

ሦስተኛው የእርዳታው ዓይነት ነው። የሸሹት ሰዎች በኤድመንተን በኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ በትንሺቱም ከተማ በላክ ላ ቢሽ፣ በሌሎችም ስፍራዎች ተቀባይነት አገኙ። ስማቸው ከተመዘገበ በኋላ የአልበርታ መንግሥት ገንዘብ የተሞላበት የባንክ ካርድ፣ ለአንድ አዋቂ 1,250፣ ለአንድ ልጅ 500 የካናዳ ዶላር ሰጠ። የካናዳ ቀይ መስቀል ማኅበርም ለአዋቂ 600፣ ለልጅ 300 ዶላር በባንክ በኩል አስተላለፈ።

ይህ አሠራር ለነጋዴ ሊመረመር የሚገባው ነው። በክምር የሚመጣ ልብስ የሚለየው ሰው፣ የሚቀመጥበት መጋዘን፣ የሚያመላልሰው መኪና ይፈልጋል፤ ብዙውም ለሚለብሰው ሰው ልክ አይሆንም። በእጁ ገንዘብ ያለው ተፈናቃይ ግን የሕፃኑን ወተትም ሆነ የአባቱን መድኃኒት እንደ ፍላጎቱ ይገዛል፤ ገንዘቡም በአስተናጋጁ ከተማ ሱቆች ውስጥ ይዘዋወራል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ባለሱቁ በመደርደሪያው ዕቃ ሲኖረውና ዋጋውን ሳይለውጥ ሲሸጥ ነው። በዚህ ሰዓት ዋጋ የሚያስወድድ ሰው ለተጎዳው የተሰጠውን እርዳታ ወደ ራሱ ኪስ አዙሯል ማለት ነው።

አራተኛው ወደ ቤት መመለስ ነው። ነዋሪዎቹ ከግንቦት 24 ቀን ጀምሮ በየሰፈራቸው ተራ ተመለሱ። ከዚያ አስቀድሞ እሳቱ ለከተማው የሚያሰጋ አለመሆኑ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ፖሊሱና እሳት አጥፊው ሥራ መጀመራቸው፣ ዋና ዋናዎቹ የውሃና የመብራት መሥመሮች መጠገናቸው መረጋገጥ ነበረበት። መብራት ተቋርጦ ስለ ሰነበተ በቤቶች የቀረው ምግብ በስብሶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የምግብ ማቀዝቀዣዎች ተጣሉ። ለመድን ኩባንያዎች የተረፈው ሒሳብም ወደ 3.6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተገመተ።

«ጎረቤት ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» ይባላል። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ነጋዴ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ አያልፈውም። የእኛ እሳት ከደን ባይነሣም፣ የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ ልናደርገው የሚቻለንን እናሳስባለን። እያንዳንዱ ነጋዴ በአደጋ ጊዜ ሊያውለው የሚችለውን መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ ብርድ ልብስና እህል በልኩ ጽፎ ለንግድ ምክር ቤቱ ቢያስታውቅ፣ በጭንቅ ሰዓት ከመጠያየቅ ያድናል። የዱቤ መዝገቡንና የመድን ውሉን ግልባጭ ከሱቁ ውጭ ቢያስቀምጥ፣ ሱቁ ቢጠፋ እንኳ መብቱ አይጠፋም። የመድኑም ገንዘብ ዛሬ በመጋዘኑ ካለው ዕቃ ዋጋ ጋር የተመጣጠነ መሆኑን በየዓመቱ ይመልከት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በነጋዴ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ እንደ መሆኑ አንድ ነገር በሥራው ተረድቷል፤ በሰላም ቀን ያልተቆጠረ ዕቃ በጭንቅ ቀን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ ተፈናቃይ ምግቡም አልጋውም ሳይደርሰው ይቀራል።