ዘንገና፣ ፈረሱና ቀርቀሃው፦ የእንጅባራ ዙሪያ ቅርስ ለገበሬው ምን ያስገኛል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ቡሬንና ቲሊሊን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲቃረብ ጋቢውን መደረቡ የተለመደ ነው። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሌላ ስሟም ኮሶ በር ትባላለች። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቻግኒና በጉባ አድርጎ ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚያደርሰው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚህችው ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ከሚያልፈው መንገደኛ ውስጥ የሚያርፈው ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ያንኑ ጥቂት እንግዳ አሳንሶታል። መንገደኛው ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ሀብት ግን በአካባቢው ሞልቶ ይገኛል፤ ጠባቂውም ባለቤቱም የዙሪያው ገበሬ ነው።

ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ቡሬ አቅጣጫ ሲኬድ፣ ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ገባ ብሎ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በባንጃ ወረዳ ያለው ይህ ሐይቅ ክብ ሲሆን የውሃው ጥልቀት እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። እንዲህ ያለ ሐይቅ የሚፈጠረው ከምድር ሆድ የሚወጣ የቀለጠ ዐለት ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ ነው። ውሃው ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ የላዩን መሬት ፈንቅሎ ይበትነዋል፤ በቀረው ጎድጓዳ ቦታም ውሃ ይጠራቀማል። ዙሪያውን የከበበው ደን የጉሬዛና የጦጣ መኖሪያ ነው።

ለሐይቁ ሕይወት ወሳኙ ይኸው ደን ነው። ከዳገቱ የሚታጠብ አፈር ማረፊያው ሐይቁ ስለሆነ፣ የዳርቻው ዛፍ ከተመነጠረና ከብት እንደ ልቡ ከተሰማራበት ጉዳቱ ዘግይቶ ቢታይም መቅረቱ አይቀርም። ገበሬውን ከግጦሽ ማገድ ብቻውን መፍትሔ ነው ማለት ግን አያስኬድም። ሣሩ በወቅቱ እየታጨደ በተራ እንዲወሰድ፣ በደኑም ውስጥ ቀፎ እንዲሰቀል ቢደረግ የተከለለው ቦታ ለከለሉት ሰዎች ጥቅም ይሰጣል። ጥቅሙን ያላየ ሰው በሌሊት መጥረቢያ ይዞ ቢገባ ሊያስገርም አይገባም።

ይህ አስተሳሰብ ለገበሬ ማኅበራት አዲስ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31፣ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋሙ ለተደረጉት የገበሬ ማኅበራት ሥልጣን ሲሰጥ፣ የማዕድንና የደን መሬትን፣ እንዲሁም ታሪካዊና ጥንታዊ ቦታዎችን ከድልድል ውጭ እንዲያደርጉ አዞ ነበር። ዛሬ የመሬቱ ጉዳይ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች ሥራ ሆኗል። ወሰኑን በሚገባ የሚያውቁት ግን አሁንም እዚያው ተወልደው ያደጉ አዛውንቶች ናቸውና ችካል በሚተከልበት ጊዜ እነርሱን አለመጥራት ስሕተት ነው።

ከሐይቁ ቀጥሎ የአዊን ስም ከሩቅ ያስጠራው ፈረሱ ነው። በአዊ ፈረስ የሠርግና የበዓል ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራ ከብትም ነው፤ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በደጋው ቀበሌዎች ደግሞ ይታረስበታል። በ1932 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ማኅበርተኞቹ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሶቻቸውን በጌጥ አሸብርቀው ይሰበሰባሉ። ሶምሶማ፣ ግልቢያና ጉግስ ይታያል። በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ፈረሶች የሰጡት አገልግሎትም የሚታወሰው በዚሁ በዓል ነው። ማኅበሩ ከበዓል ያለፈ ሥራም አለው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ አባል ሲሞት በፈረስ ወጥቶ ይሸኛል። ማንም መሥሪያ ቤት ሳያዘው በራሱ ደንብ ይህን ያህል ዘመን መኖሩ፣ ማኅበር ለሚመሩ ሰዎች ከጉግሱ ይልቅ ሊያስገርም የሚገባ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ሰፊ ነው። አገው ምድር በትውፊት የሰባት ወንድማማቾች አገር ነው፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ። ስማቸው ዛሬም በቦታ ስምነት ይጠራል። የአዊኛ ቋንቋም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። በእ.ኤ.አ. 1770 የአባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ለጎንደር ከተማ ከብት፣ ማርና ቅቤ ያቀርቡ እንደነበር ጽፏል። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዳንግላ ደግሞ በእ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የሜጀር ቺዝማን መቀመጫ ነበረች። ይህ ሰው የጣና ሐይቅንና የአባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አንሥቷል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ ከሱዳን የገባው የዊንጌት ጦርና አርበኞቹ ሲቃረቡ የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወደ ኋላ አፈግፍጓል። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ሰሌዳ ቢተከልና ታሪኩን የሚናገር ወጣት ቢሠለጥን ወጪው ብዙ አይሆንም።

ከእንግዳው ኪስ ወደ ገበሬው ቤት ገንዘብ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ ግን ቀርቀሃ ይመስላል። የባንጃ ደጋ ቀርቀሃ በጓሮና በወንዝ ዳር ይበቅላል፤ አጥርም ቤትም ይሠራበታል። በእንጅባራ ከተማ በመንገዱ ዳርና ዳር ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋና ቅርጫት እየሠሩ የሚሸጡ ባለሙያዎች አሉ። በእርግጥ በአካባቢው ብዙ ገበሬ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ ተክሎ ተጠቅሟል። ዛፉ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ስለሚዘራና በአራትና በአምስት ዓመት ስለሚደርስ ገንዘቡ ቶሎ ይገኛል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበታል። በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ እንዳለው የደረሰበት ያውቀዋል።

ቀርቀሃ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን አቆራረጡ ይወስነዋል። ቡቃያው የሚወጣው በክረምት ሲሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ቁመቱን ጨረሰ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም፤ ለዕቃ የሚሆን ጥንካሬ የሚያገኘው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይበላዋል፤ ሥሩም ይደክማል። ስለዚህ መቁረጥ የሚገባው በበጋ፣ ከየቁጥቋጦው የበሰለውን እየመረጡ፣ ለጋውን ለቡቃያው መጋቢ አድርጎ በመተው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከብት ወደ ቀርቀሃው ከገባ ቡቃያውን ይረግጠዋል፤ በልቶም ይጨርሰዋል። በእነዚህ ሁለት ወራት የየቀበሌው እረኞች በየት በኩል ማለፍ እንዳለባቸው መወሰን ያለበት ሰኔ ሳይገባ ነው።