መተማ ላይ ክረምቱና ባንኩ

በመተማ ቆላ ሐምሌና ነሐሴ ብር አጥብቆ የሚፈለግባቸው ወራት ናቸው። ሰሊጡ ከተዘራ ብዙም ሳይቆይ አረሙ ይነሣል፤ ከደጋ የወረደው፣ ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ደግሞ ያረመበትን በእጁ መቀበል ይፈልጋል። ባለ ሰፊ እርሻውም ትንሹ ገበሬም ከጥቁሩ ጭቃ ወጥቶ፣ መተማ ዮሐንስ ወይም ገንዳ ውኃ ደርሶ ብር ማውጣት አለበት። ዝናቡና መብረቁ የሚበረቱት፣ መብራት የሚቆራረጠውም በዚያው ሰሞን ነው። ሰው ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ከተባለ፣ አረሙ ግን ቀን አይሰጠውም።

ሃሪኬን የሚባለው የአትላንቲክ ከባድ ማዕበል ነፋስ እዚህ አይደርስም። ባንክን የሚያቆምበት መንገድ ግን ከመተማ ክረምት ጋር አንድ ነው፦ ቅርንጫፉን ከማዕከሉ ይለየዋል። የዛሬ ቅርንጫፍ የደንበኛውን ሒሳብ በራሱ አይዝም። ሒሳቡ ያለው በዋናው መረጃ ማዕከል ስለሆነ፣ ገንዘብ ከፋዩ ጥያቄ ልኮ ፈቃድ ይጠብቃል። ጥያቄው የሚሄደው በፋይበር፣ በስልክ ማማ ወይም በሳተላይት ሳሕን ነው። ሳሕኑ ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ያደክማል። እንግዲህ የምድሩ መስመር በተበጠሰበት ዶፍ፣ ሳሕኑም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሁለት መስመር አለን ማለት የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ምክንያት የማይወድቁ ከሆነ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሲስተሙን የሚያቆየው ባትሪም እንዲሁ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ድካሙ የሚታወቀው ግን በሰኔ፣ መብራት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ ሆን ብሎ መብራቱን አጥፍቶ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማየት፣ ጄኔሬተሩን በሙሉ ጭነት ማስነሣት፣ ናፍጣ ማከማቸት፣ መብረቅን ወደ ምድር የሚያወርደውን ሽቦ ማስለካት ያስፈልጋል። ጥሬ ብሩም መንገዱ ሳይበላሽ መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መስመሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ቅርንጫፉ ያለ ማዕከል ይክፈል ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው ሃሪኬን ፖርቶ ሪኮን ሲመታ መብራትና ስልክ ጠፍቶ ካርድ ዋጋ አጣ፤ የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ጥሬ ገንዘብ በአውሮፕላን ላከ። ከዚያ በፊት በ2005፣ ካትሪና ከተባለው ሃሪኬን በኋላ፣ የሚሲሲፒው ሃንኮክ ባንክ ኮምፒውተር በሌለበት ስምና አድራሻ በወረቀት እየመዘገበ ለሰው ገንዘብ ሰጠ። የወጣው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ተመለሰ።

እኛ ዘንድ ግን ተቃራኒውን አደጋ አይተናል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ የጠቀሰው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ያኔ የጎደለው መብራት ወይም መስመር ሳይሆን ገደብ ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ባንክ ቅርንጫፉን ያለ ማዕከል ክፈል ለማለት ቢፈራ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ገደብ ካለ ይቻላል ባይ ነኝ። ቅርንጫፉ በየማታው የደንበኞቹን ቀሪ ሒሳብ የተቆለፈ ቅጂ ይቀበል። መስመር ሲጠፋ ለታወቀ ደንበኛ፣ መታወቂያውና ፊርማው ተመሳክሮ፣ ከቀሪው ትንሽ ድርሻ ብቻ በሁለት ሠራተኞች ፊርማ ይከፈለው። ደብተሩ ላይም ይጻፍለት፤ መስመሩ ሲመለስ ከሌላ ሥራ ሁሉ በፊት ይመዝገብ። ደንበኛው ቅጂው ከተያዘ በኋላ በስልክ ብር አስተላልፎ ሊሆን ስለሚችል የተወሰነ ኪሳራ ይኖራል፤ ባንኩ ያንን አስቀድሞ አስልቶ ሊይዘው ይገባል።

ስልኩም ቢሆን ይረዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚደወለው አገልግሎት ኢንተርኔት እንደማይፈልግ ብዙ ሰው አውቋል። ቴሌብርም ሲቢኢ ብርም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ማማው ከጠፋ ግን እነሱም የሉም፤ ወኪሉም ጥሬ ብር ከሌለው ሊከፍል አይችልም።

ከአረሙ ቀጥሎ አጨዳው አለ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ስለሚረግፍ፣ የሚታጨድባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ያን ጊዜ ሳሉጉ ከፋይ ወዳለበት እርሻ ይሄዳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ያለ ማዕከል እስከ ስንት ብር መክፈል እንደሚችል፣ ፈቃዱንም ማን እንደሚሰጥ፣ ግንቦት ሳያልቅ በጽሑፍ ሥራ አስኪያጁ እጅ መግባት አለበት።